ፈንግል ከመድረሱ በፊት፦ በመተማ ቆላ ዶሮና ዳክዬ በጤና ስለ ማቆየት



ምዕራብ ጎንደር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሰሊጡን፣ ማሽላውን፣ ጥጡንና ወደ ሱዳን የሚነዳውን ከብት ነው። ስለ ዶሮ የሚያወራ ብዙ የለም። ነገር ግን ሰሊጥ የሚሸጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአረሙ ወጪ ኪስን ሲያራቁት፣ ጭቃው መንገዱን ሲዘጋ፣ ጨውና ሳሙና የሚገዛው፣ የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በእንቁላልና በቄብ ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ቤት የእናቲቱ ነው። ዶሮ በአንድ ሳምንት ከደጅ ስትጠፋ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ አውቀን እንነጋገር።

ዛሬ የምነግራችሁ ዋና ነገር አንድ ነው። በዚህ ቆላ ዶሮን የሚፈጅ ሕመም አብዛኛው የሚመጣበት ቀንና መንገድ ይታወቃል። ከገባ በኋላ የምንሮጠው ሩጫ ብዙ አያድንም፤ ከመግባቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ግን ርካሽ ነው፣ ከእጃችንም አይርቅም።

ከፈንግል እንጀምር። ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ትናንት ጥሬ ስትለቅም የዋለች ዶሮ ዛሬ ክንፏን ጥላ ትኮራመታለች። ኩሷ አረንጓዴ ውኃ ይሆናል፤ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች። አንገቷ የሚጠማዘዝ፣ እግሯ አልታዘዝ የሚላት፣ ዞራ ዞራ የምትወድቅ አለች። ምንም ሳታሳይ ጠዋት ከቆጥ ሥር ሞታ የምትገኝም አለች። ክትባት ወዳላገኘ መንጋ ሲገባ ከአሥሩ ስምንቱን ዘጠኙን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጨርሳል፤ ጫጩት፣ ቄብ፣ አውራ ብሎ አይለይም። ሳይንሱ የኒውካስል በሽታ ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ ዶሮ ሲፈጅ ተለይቶ በመታወቁ ነው። በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ታይቷል። ዛሬ በአፍሪካ ገጠር ከዶሮ በሽታዎች ሁሉ ብዙ የሚገድለው እርሱ ነው።

ፈንግል ቫይረስ ነው። ከታመመች ዶሮ ኩስ፣ ልጋግና ትንፋሽ ጋር ይወጣል፤ በውኃ መጠጫ፣ በነጋዴ ቅርጫት፣ በጫማ፣ በላባ ይዞራል። ቫይረሱ ከገባባት በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን፣ ሲዘገይም እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ከገበያ ስትገዟት ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ላባዋ የሚያበራ ዶሮ ሕመሙን ይዛው ልትመጣ ትችላለች። ቤታችሁ ገብታ ከሌሎቹ ጋር አድራ፣ ከአንድ ዕቃ ጠጥታ፣ በሳምንቷ ትወድቃለች፤ ያን ጊዜ የቀሩትም ወስደውታል።

እንግዲህ ገበያችንን እንመልከት። በሁዳዴ ዶሮ አይታረድም፣ እንቁላልም አይበላም። የጾሙ ጊዜ ሲረዝም በየደጁ ዶሮ ይበዛል። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ያ የበዛው ዶሮ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ከጎንደርና ከአይከል በኩል በመኪና ላይ ታስሮ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከቀበሌ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ ይሄዳል። እንቁጣጣሽና ገና ሲመጡም እንዲሁ ነው፤ ሙስሊም ወገኖቻችን በሚያከብሯቸው በዓላትም ገበያው ይሞቃል። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሳሉግ የምንለው የወቅት የቀን ሠራተኛ በገፍ ሲወርድ ምግብ ቤቱ ሁሉ ዶሮ ይፈልጋል። መተማ የድንበር ኬላ ናት፤ ከገላባት ማዶ ሰውና ዕቃ ይመላለሳል፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ያለውን ይዞ ተሻግሯል። ይህን የምለው እንግዳን ለመክሰስ አይደለም። ሰው በሚንቀሳቀስበት መንገድ ዶሮ ይንቀሳቀሳል፣ ዶሮ በሚንቀሳቀስበትም ቫይረሱ ይሄዳል ለማለት ነው። ስለዚህ የበዓሉን ቀን የሚያውቅ ሰው ፈንግል መቼ ሊደርስበት እንደሚችል ያውቃል።

አንድ ከባድ ነገር ልናገር። መንደር ውስጥ ፈንግል ገባ ሲባል የመጀመሪያው ሐሳባችን «ሳትሞት ልሽጣት» የሚል ነው። ድኻ ሰው ያለውን ለማትረፍ መሞከሩ የሚወቀስበት አይመስልም። ነገር ግን በሽታው ከአንድ ሰፈር ወጥቶ ወረዳውን የሚያዳርሰው በዚህች ሽያጭ ነው። የዛሬዋ ሻጭ ከወር በኋላ መንጋዋን ለመተካት የምትገዛው ከዚያው ገበያ ነውና ሕመሙ ተመልሶ እርሷው ደጅ ይመጣል። በሽታው ገብቶ ከሆነ ገና ያልታመሙትን ከቤት ሳያወጡ አርዶ መብላት ይሻላል። በደንብ የበሰለ ሥጋ አይጎዳም፤ ላባውን፣ አንጀቱንና የታጠበበትን ውኃ ግን ውሻ እንዳይጎትተው ጠለቅ ባለ ጉድጓድ መቅበር ነው።

ስለ መድኃኒቱም ግልጽ እንሁን። ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ በውኃ የሚበጠበጠው የቴትራሳይክሊን እንክብል በቫይረስ ላይ ኃይል የለውም። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ አረቄ የሚሰጡ እናቶች አሉ፤ ፍቅራቸውን አከብራለሁ፤ ፈንግልን ግን አያቆመውም። ከመከራው የተረፈች ዶሮ ብትኖር በራሷ አቅም ተርፋ ነው። ፈንግል የሚያውቀው መከላከያ ክትባት ብቻ ነው።

ክትባቱ የሚሠራው በአገራችን ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ተቋም ነው፤ የከብቱንም የዶሮውንም ክትባት ያወጣል። ችግራችን መንገዱ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ መተማ ዮሐንስ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ብቻ የቀረው ጉዞ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሽንፋ፣ ወደ ቋራ ገለጉ፣ ወደ አብርሃጅራ ይቀጥላል። የተለመደው የላሶታ ክትባት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በመንገድ ላይ ሞቆ ከሆነ ለዶሮዋ የምትሰጧት ጠብታ ከውኃ አይሻልም፤ ባለቤቷ ግን አስከትቤአለሁ ብላ ተማምና ትቀመጣለች። ሳያስከትቡ ከመቅረት ይህ ይብሳል፤ ዶሮዋ ሞታ በክትባት ላይ ያላት እምነት አብሮ ይሞታልና።

ይህን ችግር አስቦ የተሠራ ሌላ ክትባት አለ። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ስፕራድብሮው የተባሉ የእንስሳት በሽታ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሙቀትን የሚቋቋም፣ ለገጠር ዶሮ የሚስማማ ዘር አበጁ። አይ-ቱ ይባላል። ዘሩም ክትባቱን ራሳቸው ለማምረት ለሚፈልጉ ታዳጊ አገሮች ያለ ክፍያ ተሰጠ። ሞዛምቢክና ታንዛኒያ በሰፊው ተጠቅመውበታል፤ የቢሾፍቱውም ማምረቻ ሙቀት የሚችለውን ዓይነት ያወጣል። ደርቆ በጠርሙስ እንደ ታሸገ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ፣ በ28 ዲግሪ ሙቀት እስከ ስምንት ሳምንት ኃይሉን ይዞ ይቆያል።

ቁጥሯን ግን ልብ በሉ፤ 28 ዲግሪ ነው የተባለው። የመተማ መጋቢትና ሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣ ነው። ሙቀት ይችላል የተባለውም ክትባት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በሞተር ብስክሌት ሣጥን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲጠበስ አይችለውም። በረዶ ካልተገኘ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማቆየት፣ ማታና ንጋት ላይ መጓዝ ይገባል። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን መጨረስ ነው፤ የተረፈውን ለነገ ብሎ ማስቀመጥ የለም።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዷ ዶሮ በአንድ ዓይኗ አንድ ጠብታ፤ ለጫጩትም ለአውራ ዶሮም መጠኑ ያው ነው። ጠብታው ዓይን ውስጥ ገብቶ እስክታርገበግብ ድረስ አለመልቀቅ ነው። ሰዓቱ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ቢሆን ይመረጣል፤ መያዙም ይቀላል፣ በሙቀትም አይጨነቁም። ከተከተበች በኋላ ሰውነቷ መከላከያውን ለመሥራት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሕመሙ ጎረቤት ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ ክትባት የሚዘገየው ለዚህ ነው። ቀድሞ የታመመችውን ደግሞ አያድናትም። መከላከያውም እየደከመ ስለሚሄድ በየአራት ወሩ መደገም አለበት፤ በመካከሉ የተፈለፈሉት ጫጩቶችም ተራቸውን የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው።

የበዓሉን ገበያና የዝናቡን መግቢያ አስቤ ለዚህ ቆላ የምመርጣቸው ወራት መጋቢት፣ ሐምሌና ኅዳር ናቸው። በመጋቢት መጀመሪያ የተከተበች ዶሮ ለፋሲካ ገበያ ጥይት አልባ አትወጣም። የሐምሌው እስከ እንቁጣጣሽ ያደርሳል፤ ጭቃው መንገድ ስለሚዘጋ ክትባቱ በሰኔ መጨረሻ ቀበሌው ላይ መድረስ አለበት። የኅዳሩ ለገና ነው። ሌላው ነገር፣ ክትባት የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። አንዷ አስከትባ ጎረቤቷ ብትተው፣ ቫይረሱ በሰፈሩ መካከል እየኖረ ነው። ሠላሳ አርባ ቤት በአንድ ንጋት ሲያስከትብ ነው ሰፈሩ የሚያርፈው። ይህን ለማስተባበር አዲስ ኮሚቴ አያስፈልገንም፤ እድሩ አለ፣ የሰንበቴው ማኅበር አለ፣ ጀማዓው አለ፣ እቁቡ አለ። በየሰፈሩ ሁለት ሴቶች ቢሠለጥኑና ለድካማቸው በዶሮ ጥቂት ሳንቲም ቢከፈላቸው ሥራው ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሌሎች አገሮች ያዋጣቸው እንዲህ ያለው አሠራር ነው።

አሁን ወደ ቆጡ ልውሰዳችሁ። በቆጡ ላይ ስላለው አደጋ በደጋ የተጻፈው የዶሮ ትምህርት ብዙም አያነሣም፤ ለቆላ ሰው ግን ከፈንግል ቀጥሎ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ። «ከደጋ ያመጣሁት ዶሮ ቆላው አልተስማማውም፤ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ሞተ፤ የቤቶቹ ግን ደህና ናቸው» ሲባል ሰምታችኋል። ሙቀቱ ድርሻ አለው። ብዙ ጊዜ ግን ገዳዩ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው።

የዶሮ መዥገር ከከብቱ መዥገር የተለየ ጠባይ አለው። ቀን በእንጨት ቅርፊት ሥር፣ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ በሣር ክዳን ውስጥ ተደብቆ ይውላል። ሌሊት ወጥቶ ደም ይጠጣና ሳይነጋ ይመለሳል። ቀን ዶሮዋን አገላብጣችሁ ብትመረምሯት አታገኙትም። ትንንሾቹ እጮች ግን ከአምስት እስከ አሥር ቀን ከሰውነቷ ላይ ተጣብቀው ስለሚቆዩ ክንፏን ብታነሡ ሥሩ ላይ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ጠቆር ጠቆር ብለው ይታያሉ። ትልቁ መዥገር ደም ሳያገኝ ከሁለት ዓመት በላይ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዶሮ ሁሉ ያለቀበት ቤት ዓመት ባዶ ቢቀመጥ እንኳ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም።

ደሟን መምጠጡ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ቦሬሊያ የምትባል ጥምዝምዝ ረቂቅ ተሕዋስ ይሰጣታል። ይህችን ተሕዋስ ሳኻሮፍ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 በካውካሰስ አገር በሞቱ ዝይዎች ደም ውስጥ አገኛት፤ ዳክዬና ዝይም አይተርፉላትም ማለት ነው። የእኛን አገር የሚነካው ታሪክ ግን የተሠራው ካርቱም ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዌልካም ላቦራቶሪን በካርቱም ይመራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም አንድሩ ባልፉር የሱዳን ዶሮዎች ለምን እንደሚሞቱ ብዙ ደከመበት። ደማቸውን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጥምዝምዟን ተሕዋስ አገኘ፤ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን ነጠብጣቦች አየ። ነጠብጣቦቹ የዚያችው ተሕዋስ ሌላ መልክ ናቸው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1911 ጻፈ። በኋላ በግብፅ ካርፓኖ የተባለ ተመራማሪ ራሷን የቻለች ሌላ ተሕዋስ መሆኗን አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1928 በግብፅ ስም ኤጂፕቲያኔላ ብሎ ሰየማት። ባልፉር የተሳሳተበት ምክንያት ለእኛ ትምህርት አለው፤ ሁለቱንም የሚያመጣው ያው አንዱ መዥገር ስለሆነ በአንዲት ዶሮ ላይ አብረው ይገኛሉ።

የተነከሰችው ዶሮ በሳምንት ገደማ ትኩሳት ይይዛታል፣ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል ወይም ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ኩስ ትጥላለች፣ እግሯ ይዝላል። ከፈንግል ጋር የሚያምታታው ይህ ነው። ልዩነቱን እንዲህ ያዙት፤ ፈንግል ሁሉንም በጥቂት ቀናት ይጠርጋል፣ የመዥገሩ ሕመም ዛሬ አንዷን ነገ ሌላዋን ይላል። በቤቱ የተፈለፈሉት በልጅነታቸው ቀምሰውት የተረፉ ስለሆኑ ይችሉታል፤ አዲስ የመጣችው ግን ሰውነቷ አያውቀውምና ቀድማ ትወድቃለች። ለዚህኛው መድኃኒት አለው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በመርፌ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ቶሎ ከተደረሰ ያድናታል። መዥገሩ ቆጡ ላይ እያለ ግን ሕክምናው ማብቂያ የለውም።

ቆጡን ከግድግዳ አርቁት። ቅርፊት ያለው እንጨት አትጠቀሙ፤ ቅርፊቱን ልጣችሁ አለስልሱት። አራቱን እግሮች በጣሳ ውስጥ አቁማችሁ ጣሳው ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አድርጉበት፤ ትራክተር በበዛበት አገር ይህ አይጠፋም። መዥገሩ ሌሊት ሊወጣ ሲል ዘይቱን አይሻገርም። ግድግዳውን በየዓመቱ ከክረምት በኋላ በጭቃና በእበት መርጋችሁ ስንጥቁን ድፈኑ። አሮጌውን የቆጥ እንጨት አቃጥሉት እንጂ ለሌላ ቤት አታውሱት፤ የሚዋሰው መዥገሩ ጭምር ነው። ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ አፈርና አመድ በጥላ ሥር አዘጋጁላቸው፤ ለቅማልና ዓይኗ ዙሪያ ለሚለጠፈው ቁንጫ ይረዳል። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ ለጥጥና ለሰሊጥ ተባይ የተገዛ ኬሚካል በዶሮ ላይ አይፈሰስ። ዶሮዋ ላባዋን በአፏ ታበጥራለች፤ መርዙ ወደ ሆዷ፣ ከሆዷም ወደ እንቁላሉ፣ ከእንቁላሉም ወደ ልጆቻችሁ ይሄዳል።

ሙቀቱን ባጭሩ ላንሣው። ዶሮ አታልብም። የሰውነቷ ሙቀት ራሱ ከ41 ዲግሪ በላይ ነው፤ አየሩ ሲግል ያላት ዋና አማራጭ አፏን ከፍታ ማለክለክ ነው። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት እኩለ ቀን ላይ መያዝ፣ ማሰር፣ ማጓጓዝ የለም። እህል በማለዳና አመሻሽ ላይ ስጧት። ውኃው በሸክላ ዕቃ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ይሁን፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀየር። በቋራና በአርማጭሆ የምታውቋት አንገተ መላጣ ዶሮ ውበት ጎደላት ተብላ ከገበያ ትገፋለች፤ በዚህ አገር ግን ላባዋ ስለሚያንስ ሙቀቱን የምታስወጣው ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ነው። አውራ ስትመርጡ አትናቋት።

ስለ መኖ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዝናብ ያገኘው ማሽላ ሲሻግት፣ ፋጉሎው ሲያረጅ «ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮ ስጪው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ተርኪዎች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ። ሲመረመር ከብራዚል በመጣ የለውዝ መኖ ላይ የበቀለ ሻጋታ ያመነጨው መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። መርዙ ጉበትን ይበላል። ከቤት አዕዋፍ ሁሉ ደግሞ የዳክዬ ጫጩትን ያህል በእርሱ የሚጎዳ የለም። ሞቃትና እርጥብ ጎተራ ለዚህ ሻጋታ የተመቸ ነው። የሻገተ እህል ለማንም አይሰጥ። ብትቀቅሉትም መርዙ አይጠፋም።

ዳክዬን ካነሣሁ ልቀጥል። በአገራችን ዳክዬና ዝይ የሚያረባ ሰው ጥቂት ነው፤ ወንዝ ባለበት ቆላ ግን የሚጀምሩ አሉ፣ ደስም ይለኛል። ዳክዬ ጠንካራ ናት። ጥንካሬዋ ራሱ ግን ለዶሮ አደጋ ነው፤ የፈንግልን ቫይረስ ይዛ ሳትታመም ለዶሮ ልታስተላልፍ ትችላለች። ስለዚህ ዳክዬና ዶሮ ከአንድ ዕቃ አይጠጡ፣ በአንድ ቤትም አይደሩ። ዳክዬ ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጥብበት፣ ራሷን የምትነክርበት ጥልቅ ያለ የውኃ ዕቃ ትፈልጋለች፤ ውኃውን ቶሎ ስለምታቆሽሸው በየቀኑ መድፋት ግድ ነው።

በበጋ ጓንግ፣ ገንዳ ውኃና ሽንፋ ወንዞች እየተቆራረጡ ኩሬ ኩሬ ሲሆኑ ሌላ አደጋ ይመጣል። በቆመ፣ በሞቀ ውኃ ዳር ዓሣ ወይም እንስሳ ሞቶ ሲበሰብስ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያመጣ መርዝ ይፈጠራል። በበሰበሰው ላይ የፈላውን ትል የበላች ዳክዬ እግሯ ይሰንፍና አንገቷን ቀና ማድረግ ይሳናታል፤ ራሷ ውኃ ውስጥ ወድቆ ትሰጥማለች። ፈንግል ነው ብላችሁ አትሳሳቱ። ዳክዬዎቹን ከኩሬው አውጥታችሁ ንጹሕ ውኃ ስጧቸው፣ የበሰበሰውን ሰብስባችሁ ቅበሩ።

የወፍ ጉንፋን ደግሞ አለ። በ1998 ዓ.ም. ኤች-ፋይቭ-ኤን-ዋን የተባለው ቫይረስ በየካቲት ናይጄሪያና ግብፅ፣ በሚያዝያ ደግሞ ሱዳን መግባቱ ተነገረ። እኛም አገር ሞተው የተገኙ ዶሮዎች ተመርምረው ነፃ ቢባሉም፣ ወሬው ብቻ ገበያውን አቀዘቀዘው፤ ዶሮ የሚገዛ ጠፋ። ቫይረሱን ከአገር አገር ከሚያደርሱት መካከል የዱር ዳክዬዎች ይገኙበታል፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ሳይታመሙ ይሸከሙታል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወደ ጣናና ወደ ሱዳን ረግረጎች ይወርዳሉ። የእኛ አልጣሽ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ድንበር ተዋሳኝ ነው፤ ወፍ ደግሞ ኬላ አያውቅም። በእነዚህ ወራት ዳክዬዎቻችሁን ከወንዝ አስቀሩ። ሞቶ የተገኘ የዱር ወፍ ልጆች እንዳያነሡ ንገሯቸው። ጅግራ ከዱር ይዛችሁ ከዶሮ ጋር አትቀላቅሉ።

ልጆችን ካነሣሁ ያልተነገረ አንድ ጉዳይ አለ። አብዛኞቻችን ዶሮ ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ እናሳድራለን፤ ሸለምጥማጥና ሌባ ስለምንፈራ ነው፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ገጠር መረጃ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጽሑፍ እንደሚያሳየው ዶሮ ያለው ቤት ልጆች በቁመት ዕድገታቸው የተሻሉ ናቸው፤ ዶሮ ሌሊት ሰው ከሚተኛበት ጋር በሚያድርበት ቤት ግን ዕድገታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ዳዴ የሚል ሕፃን ኩስ የነካ እጁን ወደ አፉ ይከታል፤ ተቅማጡ ከዚያ ይመጣል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከመሬት ከፍ ያለ ትንሽ የዶሮ ቤት በማሽላ አገዳና በሽቦ ይሠራል። ኩሱ በየቀኑ ይጠረግ፤ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

ሳሶና ኮኮክ የሚባሉትን የውጭ ዝርያ ዶሮዎች ለምትገዙ የምጨምረው ጥቂት ነው። ጫጩቶቹ የትኛውን ክትባት ወስደው እንደ መጡ ከሻጩ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት መኖራቸውን አረጋግጡ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካያችሁ ወለሉ ርሷልና አድርቁት፣ ባለሙያም አማክሩ። ፈንጣጣ ከዝናብ በኋላ በትንኝ ይመጣል፤ ለእርሱም በክንፍ የሚሰጥ ክትባት አለ። ማንኛዋም አዲስ ዶሮ፣ የአገሯም ሆነች የውጭ፣ ከነባሮቹ ተለይታ ሁለት ሳምንት ትቆይ። ቦታ የለኝም ካላችሁ ቅርጫት ደፍታችሁ በጎረቤት ዛፍ ሥር አቆዩአት፤ ጎረቤታችሁ ግን ዶሮ የሌላት ትሁን።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ቤት በላይ ዶሮ መሞት ሲጀምር፣ ወይም ዳክዬና ዶሮ አብረው ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የሞተችውን በባዶ እጅ አትንኳት፤ ፌስታል በእጃችሁ አጥልቃችሁ፣ በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ፣ ሳትበሰብስ በበረዶ አድርሱለት። ከባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ከሰበታው የእንስሳት ጤና ተቋም ትክክለኛ መልስ የሚገኘው ናሙናው በሙቀት ካልተበላሸ ብቻ ነው። የቀሩትን ሬሳዎች ከውኃ ርቃችሁ ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ቅበሩ፣ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። መልሱ እስኪመጣ ከሰፈሩ ዶሮ አይውጣ፣ አይግባም፤ ለዚያ ሳምንት ገበያ የምትሄዱት እናቶች ይህን ለነጋዴዎቹም ንገሩልኝ።